ደስታ፣ ኩፍኝና የውሻው በሽታ፦ ሦስት ወንድማማቾች የገቡበት በር

ኖርክሮስ ውስጥ ከጂሚ ካርተር ቡለቫርድ ብዙ ሳይርቅ የሚኖር አንድ ወዳጃችን ባለፈው ዓመት ለልጁ ቡችላ ገዛለት። የገዛው ሳይወድ ነው። እኛ የምናውቀው ውሻ ግቢ የሚጠብቅ እንጂ ሶፋ ላይ የሚተኛ አይደለምና አባትና ልጅ ለወራት ተከራከሩ፤ በመጨረሻ እዚህ አገር ዘወትር እንደሚሆነው ልጁ ረታ። ቡችላው የተገዛው መኪና ማቆሚያ ላይ በካርቶን ይዞ ከሚሸጥ ሰው ነበር። «ተከትቧል» ተባለ፤ ወረቀት ግን አልተሰጠም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዓይኑን ዓይናር ዘጋው፣ አፍንጫው ይዝረበረብ ጀመር፣ ሳል ያዘው። ከዚያ የተሻለው መሰለና ቤቱ ሁሉ ደስ አለው። ጥቂት ቆይቶ ግን መንጋጋው ማስቲካ እንደሚያኝክ ሰው በራሱ ጊዜ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ቀጥሎ የኋላ እግሩ። የእንስሳት ሐኪሙ «ዲስቴምፐር ነው፤ ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም» ብሎ ነገራቸው።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነን ወዳጃችን ደውሎ የጠየቀን ጥያቄ ነው። «እናንተ ጋዜጠኞች ናችሁ። እናቴ ከደሴ ደውላ ‹ልጁ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?› አለችኝ። ውሻው ሞቶበት ነው አልኳት። ‹ምን ነካው?› ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። ለመሆኑ ይህ በሽታ ባማርኛ ምን ይባላል?»

ውድ አንባቢያን፣ እኛም ቶሎ የምንሰጠው ስም አልነበረንም። አገር ቤት ውሻ ሲያብድ ስም አለው፤ ሰፈሩ ሁሉ «አበደ!» ብሎ ድንጋይ ያነሣል። ሲያስል ሰንብቶ አንዱ አጥር ሥር ሲሞት ግን ስም የሚያወጣለት የለም። ሆኖም የዚህን በሽታ ታላቅ ወንድም አያቶቻችን አሳምረው ያውቁታል። ስሙ «ደስታ» ይባላል። የከብት ደስታ። ስሙና ሥራው ሆድና ጀርባ ነው።

ደስታ አገራችን የገባው በ1880 ዓ.ም. ግድም ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የኢጣልያ ጦር ለወታደሮቹ ቀለብ በምፅዋ በኩል ያስገባቸው ከብቶች ይዘውት እንደመጡ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ከምፅዋ ወደ ደጋው ወጣ፤ ትግራይን፣ በጌምድርን፣ ጎጃምን፣ ወሎን፣ ሸዋን አዳርሶ ወደ ደቡብ ወረደ። የያዘው ከብት ዓይኑና አፍንጫው ይዝረከረካል፣ አፉ ውስጥ ይቆስላል፣ ያስቀምጠዋል፣ ሳምንት አሥር ቀን ሳይሞላው ይወድቃል። ከአሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ ይባላል። በሬ የሌለው ገበሬ አያርስም። ዝናቡም ቀረ፣ አንበጣና ተምችም መጣ፣ ኮሌራና ፈንጣጣ ተከተለ። ከ1888 እስከ 1892 የቆየው ይህ ዘመን እስከ ዛሬ «ክፉ ቀን» የሚባለው ነው። ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ የሚሉ አሉ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቆፈር ለመኳንንቱና ለሕዝቡ ምሳሌ እንደሆኑ ተጽፏል። ሪቻርድ ፓንክረስት ይህን ዘመን ከዜና መዋዕሉም ከመንገደኞች ማስታወሻም ለቅሞ በሰፊው ጽፎታል።

ከመካከላችን የአንዳችን አያት ከእናታቸው የሰሙትን ይነግሩን ነበር። ሰው የደረቀ ቁርበት ቀቅሎ በላ፤ ሞፈርና ቀንበር ማገዶ ሆነ። ልጅ ሆነን ስንሰማ የምንገረመው በማገዶው ነበር። ሞፈሩን የሚያነድ ገበሬ የሚመጣውን ክረምት ተስፋ የቆረጠ መሆኑ የገባን ካደግን በኋላ ነው።

በሽታው በዚያ አላበቃም። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ወርዶ፣ ጎሹንና የሜዳውን አጋዘን ሁሉ እየፈጀ፣ በ1896 ዛምቤዚን ተሻግሮ እስከ አፍሪካ ደቡብ ጫፍ ደረሰ። ከምፅዋ እስከዚያ ድረስ ለመሄድ አሥር ዓመት እንኳ አልፈጀበትም።

በዚያ ጊዜ የሆነውን ነገር ምንነት በዓለም ላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አባቶቻችን «የእግዜር ቁጣ» ቢሉ የፓሪስና የለንደን ሐኪምም በሽታውን የሚያመጣው ነገር ምን እንደሆነ ገና አያውቅም ነበር። መልሱ መምጣት የጀመረው በ1902 ነው። ቁስጥንጥንያ ላይ ኒኮልና አዲል በይ የተባሉ ሁለት ሰዎች ባክቴሪያ የማያሳልፍ ጥሩ ማጣሪያ ወስደው የታመመ ከብት ፈሳሽ አጣሩበት፤ የተጣራውም ፈሳሽ ጤነኛ ከብት ገደለ። ከባክቴሪያ ያነሰ፣ በማይክሮስኮፕ የማይታይ ነገር አለ ማለት ነው። በ1905 ፈረንሳዊው አንሪ ካሬ በውሻው በሽታ ላይ ይህንኑ አደረገ። በ1911 ደግሞ እዚህ አሜሪካ ጎልድበርገርና አንደርሰን የኩፍኝ በሽተኛን ደም አጣርተው ዝንጀሮ ላይ አሳዩት። አንዱ ቁስጥንጥንያ፣ አንዱ ፈረንሳይ፣ አንዱ አሜሪካ፤ አንዱ ከብት፣ አንዱ ውሻ፣ አንዱ ልጅ። ሦስቱ ነገሮች ያንድ እናት ልጆች መሆናቸው እየተገለጠ የመጣው ግን በ1950ዎቹ ነው፤ ያንዱን በሽታ የቻለ እንስሳ ደም ሌላውን በሽታ ሲከላከል ታየ። ከዚያም የተነሣ ለሰው ልጅ የተሠራው የኩፍኝ ክትባት ለቡችሎች የዲስቴምፐር መከላከያ ሆኖ የተሰጠበት ዘመን ነበር። ይህን ያነበብን ዕለት የልጆቻችንን የክትባት ካርድ አውጥተን እንደገና አየነው።

አሁን ወደ በሩ እንምጣ።

ቫይረስ ብቻውን ሕይወት የለውም። እግር የለውም፣ አይበላም፣ አይወልድም። የሰው ወይም የእንስሳ ሕዋስ ውስጥ ካልገባና የሕዋሱን መሣሪያ ቀምቶ የራሱን ቅጂ ካላሠራ ትቢያ ነው። ሕዋስ ግን እንዲሁ የሚገባበት ክፍት ቤት አይደለም። በቆዳው ላይ ብዙ ዓይነት ፕሮቲኖች ቆመዋል፤ እያንዳንዱ የራሱ ሥራ አለው፤ መልእክት ይቀበላል፣ ጎረቤቱን ይይዛል። የሳይንስ ሰዎች «ተቀባይ» ይሏቸዋል። ቫይረሱ ከነዚህ ባንዱ ቅርጽ ልክ የተሞረደ ቁልፍ ይዞ ይመጣል። በሩ ለቫይረሱ ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ሕዋሱ ያለዚያ በር ሥራውን መሥራት አይችልም፤ ነቅሎ መጣልም አይሆንለትም። ኤድስ በወገኖቻችን ላይ በበረታበት ዘመን ስለ ኤች.አይ.ቪ. የሰማን ሁሉ ነገሩን እናውቀዋለን፤ እርሱም የሚገባው በነጭ የደም ሕዋስ ላይ ባለ እንዲህ ባለ በር ነው።

ታዲያ የኩፍኝና የወንድሞቹ በር የትኛው ነው? በ1993 «ተገኘ» ተብሎ ነበር። ሲዲ 46 የሚባል፣ በሰው ሕዋስ ሁሉ ላይ ማለት ይቻላል የሚገኝ ፕሮቲን ነው ተባለ። ነገሩ ግን አልገጥም አለ። በሩ በሁሉም ሕዋስ ላይ ካለ በሽታው ለምን ሁሉንም አይዝም? በመጀመሪያ ለምን የሚያጠቃው የሰውነትን ዘበኞች፣ ነጭ የደም ሕዋሳትን ነው? ስሕተቱ ከጊዜ በኋላ ታወቀ። ሲዲ 46ን የሚከፍተው ቤተ ሙከራ ውስጥ ለዓመታት በብልቃጥ ሲረባ የኖረው ለማዳው ቫይረስ ነበር። እዚያ ኖሮ ሌላ ቁልፍ ለምዷል። ከታመመ ልጅ ጉሮሮ በቀጥታ የተወሰደው ዱር አደር ቫይረስ ግን በዚያ በር አይገባም። የሳይንስ ሰውም እንደኛው የተሳሳተ ቤት ደጃፍ ቆሞ ዓመታት ሊያንኳኳ እንደሚችል እዚህ ላይ እናያለን።

ትክክለኛው በር የተገኘው በ2000 ጃፓን ውስጥ፣ ፉኩኦካ ከተማ ባለው የኪዩሹ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩሱኬ ያናጊና ባልደረቦቹ ዱር አደሩን ቫይረስ ከሚቀበሉ ሕዋሳት ዘር ወስደው፣ ቫይረሱን ወደማይቀበሉ ሕዋሳት እያስገቡ አንድ በአንድ ፈተሹ፤ በመጨረሻ ያንዱን ፕሮቲን ዘር ያገኙት ሕዋሳት ለቫይረሱ ተከፈቱ። የፕሮቲኑ ስም ባጭሩ ስላም ይባላል። (ደስታ የሚባል በሽታ ስላም በሚባል በር መግባቱን አማርኛ ተናጋሪ ብቻ ነው የሚስቅበት።) በሚቀጥለው ዓመት በ2001 እነዚሁ ሰዎች የውሻውን ስላም አወጡ፤ የላሙንም አወጡ። የዲስቴምፐር ቫይረስ በውሻው ስላም፣ የደስታ ቫይረስ በላሙ ስላም ገባ። ሦስቱ ወንድማማቾች ባንድ ዓይነት በር የሚገቡ ሌቦች ሆነው ተገኙ።

ስላም የሚገኘው በዘበኞቹ ላይ ነው። ክፋቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የወዳጃችን ቡችላ የታመመ ውሻ የተነፈሰውን አየር ሲስብ ቫይረሱ ሳንባው ውስጥ ደረሰ። እዚያ እንግዳ ነገር ሲመጣ እየያዙ የሚመረምሩ ሕዋሳት አሉ፤ ያዙት፤ ነገር ግን እነሱ ራሳቸው ስላም አላቸውና የያዙት እንግዳ ያዛቸው። ዘበኛው እንደ ደንቡ የያዘውን ለማሳየት ወደ ጣቢያው ሄደ፤ ጣቢያው በአንገትና በብብት ሥር የምናውቀው ንፍፊት ነው። ሌሎች ዘበኞች ሁሉ የሚሰበሰቡት እዚያ ነው። ሁሉም ስላም አላቸው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ቫይረሱ በደም ተጉዞ ጉበት አጠገብ፣ አንጀት ዙሪያ፣ መቅኒ ውስጥ ይደርሳል። ነጭ የደም ሕዋስ ቁጥር ያሽቆለቁላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ውሻው ትንሽ ትኩሳት ካልሆነ በቀር ይጫወታል፤ ልጁም ያቅፈዋል።

ከመግባት ሌላ መውጣት አለ። ቫይረሱ አንዱን ውሻ ገድሎ አብሮት ቢቀበር ዘሩ ያልቃል፤ ወደ ሌላው መሻገር አለበት። የመውጫው በር የተገኘው ከመግቢያው 11 ዓመት ዘግይቶ በ2011 ነው፤ ካናዳ ሃሊፋክስ ያለ ቡድንና ሌላ ቡድን በተለያየ መንገድ ደረሱበት። ኔክቲን 4 ይባላል፤ የመተንፈሻ ቧንቧን የሚሸፍኑትን ሕዋሳት እንደ ጭቃ ምርጊት እርስ በርስ የሚያያይዝ ፕሮቲን ነው። ከሳንባው አየር በኩል አይታይም፤ ከሥር፣ ከደሙ በኩል ነው ያለው። ስለዚህ ቫይረሱ በጉሮሮ ገብቶ በቀጥታ የጉሮሮን ሽፋን አያጠቃም። መጀመሪያ ዘበኞቹን ይይዛል፤ የተያዙት ዘበኞች ራሳቸው ከሥር ተሸክመው ሽፋኑ ድረስ ያመጡታል፤ በኔክቲን 4 ገብቶ፣ እዚያ ተባዝቶ፣ በላይ በኩል ወደ አየሩ ይፈሳል። ያን ጊዜ ሳሉ ይጀምራል። ሳል ለበሽተኛው ሥቃይ ነው፤ ለቫይረሱ ግን መጓጓዣ። በውሻ አንጎል ሕዋሳት ላይም ይኸው ኔክቲን 4 ተገኝቷል፤ የቡችላው መንጋጋ በራሱ ጊዜ ያኝክ ከነበረበት ምክንያቶች አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን መንገድ ከኩፍኝ ጋር ብናስተያየው ልክ ያው ነው። እናቶቻችን «ኩፍኝ ልጅ ያደክማል፤ ካለፈም በኋላ ሌላ በሽታ ይጠራል» ይሉ ነበር። በ2019 የታተሙ ጥናቶች ለምን እንደሆነ አሳይተዋል። ኩፍኝ የሚፈጃቸው ዘበኞች ያለፉትን በሽታዎች ሁሉ የሚያስታውሱት ጭምር ናቸው፤ ልጁ ከኩፍኙ ሲድን ቀድሞ የቻለውን በሽታ ሰውነቱ ረስቶታል። በ2000 በጎዴ ረሀብ ጊዜ ከአትላንታው ሲ.ዲ.ሲ. የሄዱ ባለሙያዎች የተሳተፉበት ጥናት ከ5 ዓመት በታች ከሞቱት ልጆች 22 ከመቶው የሞቱት በኩፍኝ መሆኑን አገኘ። እኛ ያንን ዘመን «ረሀቡ» ብለን እናስታውሳለን። ረሀቡ ግን ብቻውን አልነበረም።

ስለ ውሻው ቫይረስ ማውራት ጀምረን ስለ ሰው ማውራታችን አለ ምክንያት አይደለም። ዲስቴምፐር ሰውን አያሳምምም፤ ቁልፉ ለሰው ስላም በደንብ አይገጥምም። ሆኖም ቤተ ሙከራ ውስጥ ቁልፉን በጥቂቱ ብቻ ቢሞርዱት የሰውን ስላም ሊከፍት እንደሚችል ታይቷል። ከውሻ ወደ አንበሳ መሻገሩ ደግሞ በግልጽ የሆነ ነገር ነው፤ በ1994 ሴሬንጌቲ ውስጥ ከአንበሶቹ ሲሶ ያህሉን ፈጅቷል። ከዚያ ወዲህ ቻይናና ጃፓን ውስጥ ዝንጀሮዎችን ይዟል። ከሰው የሚያርቀው ሌላው አጥር ብዙዎቻችን የተከተብነው የኩፍኝ ክትባት ነው፤ ወንድማማቾች ናቸውና ያንዱ ክትባት ለሌላውም ይተርፋል። ኩፍኝ ሲጠፋ ክትባቱ ቢቀር ምን ይመጣል ብለው የሚጨነቁ ተመራማሪዎች አሉ። ለጊዜው ጭንቀቱ ሌላ ነው፤ ኩፍኙ ሳይጠፋ ክትባቱን የሚተዉ በዝተዋል። አሜሪካ በ2000 ኩፍኝን አስወግጃለሁ ብላ ነበር፤ በ2025 ምዕራብ ቴክሳስ ላይ 762 ሰው ይዞ ሁለት ያልተከተቡ ተማሪዎችን ገደለ። በየምግብ ቤታችን ጠረጴዛ ዙሪያ «ክትባቱ ልጅ ያበላሻል» የሚል ወሬ ስንሰማ የሚያስቆጣን ለዚህ ነው። ወሬውን የሚያወሩት የክፉ ቀን ልጆች ናቸውና።

ውሻው ቫይረስ በኛው አገር ምን እንዳደረገ ለማየት ወደ ባሌ መሄድ ያስፈልጋል። ከጎባ በላይ የሰነቴ ሜዳ አለ፤ ከዲንሾ በላይ የዌብ ሸለቆ። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትርና ከዚያ በላይ በሆነው በዚህ ውርጭ አገር ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ኦሮሞው «ጄዴላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ ይለዋል። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የለም፤ በሁሉም ተራሮች ላይ ተደምሮ 500 ያህል ቀርቷል፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። አደኑን ለየብቻው ያድናል፤ ፍልፈልና አይጥ። ሌሊት ግን ተቃቅፎ ያድራል፣ ማለዳ ሲገናኝ አፍንጫ ለአፍንጫ ይሳሳማል። በትንፋሽ ለሚተላለፍ ቫይረስ ከዚህ የሚመች ኑሮ የለም።

ቫይረሱ የሚመጣው ከእረኛው ውሻ ነው። ቀበሮው ጥቂት ስለሆነ ዲስቴምፐርን ለረጅም ጊዜ ተሸክሞ ማኖር አይችልም፤ ወይ ይሞታል ወይ ይድናል፤ ከዚያ የሚይዘው ያልቃል። ውሻ ግን በየዓመቱ አዲስ ቡችላ ይወልዳል፤ ያልተከተበ ቡችላ ባለበት ቫይረሱ ሁልጊዜ ማደሪያ አያጣም። በ2005 እና 2006፣ ከዚያም በ2010 ወደ ቀበሮዎቹ ተሻገረ። በተያዙት አካባቢዎች ከ100 ቀበሮ ከ43 እስከ 68 ሞተ። በአፍላ ወጣቶቹ ላይ ደግሞ ባሰ፤ ከ100 ከ83 እስከ 87። የ2010ሩ የመጣው የእብደት በሽታ ካለፈ ገና በ20 ወሩ ነበር፤ ቁጥራቸው ሳያገግም። በዌብ ሸለቆ ሙሉ በሙሉ የጠፉ መንጎች አሉ። በ2014 እብደቱ እንደገና መጣ፤ በ2015 እና 2016 ዲስቴምፐሩ ተከተለ።

እብደት በሌላ በር፣ በነርቭ በኩል የሚገባ ሌላ ዘር ቫይረስ ነው። በ2003 ባሌ ላይ በተነሣ ጊዜ ጥናቱ ውስጥ የተሳተፉት የእብደት በሽታ ሊቃውንት የዚሁ የኛው ከተማ ሲ.ዲ.ሲ. ሰዎች ነበሩ፤ ክሊፍተን መንገድ ላይ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ ከኖርክሮስ ግማሽ ሰዓት። ብዙዎቻችን በዚያ ሕንፃ በር ላይ በታክሲ ሰው ስናወርድ የባሌ ቀበሮ ጉዳይ እዚያ ውስጥ እየተመረመረ እንደነበር ማን ነግሮን?

ለእብደቱ መፍትሔ እየተገኘ ነው። ከ1995 ጀምሮ ባሌ የሚሠራው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም የየመንደሩን ውሾች ይከትባል፤ ከ2018 ወዲህ ለቀበሮዎቹ በሥጋ ተጠቅልሎ የሚዋጥ ክትባት መስጠት ጀምሯል። ዲስቴምፐር ግን ያስቸግራል። ለቤት ውሻ የሚበጀው ክትባት የተዳከመ ቫይረስ ነው፤ በአንዳንድ የዱር እንስሳት ላይ፣ ለምሳሌ በአሜሪካው ጥቁር እግር ፌሬት ላይ፣ ያው ክትባት ራሱ በሽታ ሆኖ ገድሏል። 500 ብቻ በቀረው እንስሳ ላይ ማን ይደፍራል? ማንም ያለ ሐሳብ ሊጠቀምበት የሚችለው ክትባት የውሻው ነው፤ እረኛው ውሻውን ይዞ እንዲመጣ ማሳመን ደግሞ የሳይንስ ሳይሆን የሰው ሥራ ነው።

የሰው ሥራ የምንለው በምክንያት ነው፤ ታላቅ ወንድሙ ደስታ የጠፋው በዚሁ ነውና። እንግሊዛዊው ዋልተር ፕላውራይት ኬንያ ውስጥ በ1950ዎቹ መጨረሻ ጥሩ ክትባት ሠርቶ ነበር። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ጤና ተቋማችንም ከ1964 ጀምሮ ክትባት ማምረት ቻለ። በ1960ዎቹና 70ዎቹ በመላ አፍሪካ የተካሄደው ዘመቻ ሊጨርሰው ተቃርቦ ተቋረጠ፤ በ80ዎቹ እንደገና ተነሣ። የመጨረሻ ምሽጎቹ መኪና የማይደርስባቸው፣ በረዶ የሌላቸው ቆላዎች ነበሩ፤ ከነዚህ አንዱ አፋር ነው። ክትባቱ ሙቀት ችሎ እንዲቆይ ሆኖ ከተሻሻለ በኋላ ከአርብቶ አደሩ የተመረጡ ሰዎች ሠለጠኑ፤ ክትባቱን ይዘው ከከብቱ ኋላ በእግር ሄዱ። የባለሙያ መኪና ለዓመታት ያልቻለውን እነሱ ጨረሱት። በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1995 ነው፤ በዓለም በ2001፣ ኬንያ ውስጥ በጎሽ ላይ። በ2011 ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው፤ ሦስተኛውን፣ የጊኒ ወርምን፣ ሲያሳድዱ የኖሩት ደግሞ ኖርክሮስ ላይ መንገዱ በስማቸው የተጠራላቸው ሰውዬ ናቸው።

ክፉ ቀንን ያመጣው ቫይረስ ዛሬ በሕይወት ባለ ከብት ውስጥ የለም። በዓለም ላይ እንዲያስቀምጡት ከተፈቀደላቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ቢሾፍቱ ያለው የአፍሪካ ኅብረት የክትባት ማዕከል ነው፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቆልፎ።

ለወዳጃችን ይህን ሁሉ ባንነግረውም ስሙን ሰጠነው፤ «የውሻ ደስታ በላት» አልነው። በሳምንቱ መልሶ ደወለ። እናቱ ወዲያው ገብቷቸዋል። ትንሽ ዝም ብለው ቆይተው፣ «እሱ ገና አለ እንዴ?» አሉ አለን።